ፈረስ ልገዛ ሄጄ ባለቤቱን አስቀየምኩ፤ ተመልሼ እንዴት ላናግራቸው?

የማራኪ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15)

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ ወገራ ነው የሚኖረው። 71 ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱም እየደከመ ነው። ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ዳገት ነው። ገበያው ደግሞ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የነበረው ፈረስ ባለፈው ክረምት ሞተበት። ከዚያ ወዲህ ሰንበትም እየቀረ ነው። እኔና እህቴ አዋጥተን ፈረስ ልንገዛለት ተስማማን። 45 ሺህ ብር ይዘናል።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። አንድ ዳማ ፈረስ አየሁ፣ ሰንጋ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ልጓሙን የያዙት ሽማግሌ ናቸው። ጋቢ ለብሰው ከሌሎቹ ሻጮች ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ዋጋ ጠየቅኳቸው። «55» አሉኝ።

ጓደኛዬ አስቀድሞ መክሮኝ ነበር። «እንደወደድከው አታሳይ፤ ጉድለቱን ቁጠርበት፤ ግማሹን ጥራ» ብሎኛል። እኔም እንዳለኝ አደረግኩ። ጀርባውን ዳሰስኩና «ይሄ እኮ ገጣባ ነበር፤ አርጅቷል፤ ኮቴውም ተሰነጣጥቋል፤ 25 ልስጥዎት» አልኩ። ገጣባ ማለት ኮርቻ ወይም ጭነት ጀርባውን ያቆሰለው ማለት ነው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩን።

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱልኝም። የፈረሱን አንገት ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ «ልጄ፣ ገጣባውን እኔው ልነግርህ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። በል መንገድህን ቀጥል» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ተመልሼ ባናግራቸው ነውር ነው? ደግሞስ ሻጭ ራሱ ጉድለቱን ከነገረኝ፣ በዚያው ጉድለት ዋጋ ማስቀነስ ይገባኛል? ፈረሱን ወድጄዋለሁ።

የደባርቁ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02)

ወንድሜ፣ መጠየቅህ ራሱ ደስ ብሎኛል።

እኔ ደባርቅ ነኝ። ስሜን ተራራ ለሚወጡ እንግዶች በቅሎና ፈረስ አከራያለሁ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ሽማግሌውን ያስቀየማቸው 25 መጥራትህ አይመስለኝም። ዝቅ አድርጎ መጥራት ያለ ነው። «አይሆንም» ይሉሃል፣ ትጨምራለህ። እሳቸውም 55 ሲሉ 55 አገኛለሁ ብለው አይደለም።

ያስቀየማቸው አፍህ ነው። ገበያ መሃል «ገጣባ» ስትል የሰማህ እሳቸው ብቻ አይደሉም። አጠገብህ የቆመው ገዢ ሰምቷል። ደላላው ሰምቷል። ያ ቃል ቀኑን ሙሉ ከፈረሱ ላይ አይወርድም። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ጀርባውን ሳያይ «ገጣባ ነው አሉ» ይላል። አንተ ጥቂት ሺህ ብር ለማስቀነስ የተናገርከው የሳቸውን የዕለት ገበያ ዘጋው።

እኛ ጋ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ቤቱን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ትጠይቃለህ። ፈረሱን ስታይ «ይባርክልዎት» ትላለህ። ይህን ሳትል አፍጥጠህ ካየኸው ባለቤቱ ዓይን ይፈራል። ቀጥለህ «ልንካው?» ትላለህ። ሲፈቅዱልህ ትዳስሳለህ። ጉድለት ካየህ ጠጋ ብለህ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይቺ ጫንቃው ላይ ያለች ነጭ ጠጉር ምን ነክታው ነው አባቴ?» ብለህ ትጠይቃለህ። መልሱን ካንተና ከሳቸው ሌላ ማንም አይሰማም።

ተመለስ፣ ምንም ነውር የለውም። ግን ብቻህን አትሂድ። የሚያከብሩት ትልቅ ሰው ይዘህ ሂድ።

አራዳ ነጋዴ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40)

ድምፁን ዝቅ ማድረግ ነበረበት፣ በዚህ እስማማለሁ። በሌላው ግን ልጁን አትኮንኑት። 45 ሺህ ብር ለሁለት ወጣቶች ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጉድለት ካለ ዋጋ ይወርዳል። ሻጩ ነገረህም ደበቀህም ገጣባ ያው ገጣባ ነው። ደግ ሰው ስለሆኑ ብቻ የጤነኛ ፈረስ ዋጋ ይከፈላቸው ልንል ነው?

እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ ነገር ነው። ዋጋ ከጠራህ ያ ቃልህ ነው። «40 እሰጣለሁ» ብለህ ሻጩ «እሺ ውሰድ» ካለህ ገዝተሃል። «ቆይ ላስብበት» አይሠራም። «እስቲ ሌላም ልይ» አይሠራም። ስለዚህ ለመግዛት ካልቆረጥክ አፍህን አትክፈት። በየፈረሱ ዋጋ እየጠራ የሚዞር ሰው በሁለተኛው ገበያ ማንም አያናግረውም። ፊቱን ያውቁታል።

ሌላው ደግሞ በሰው ገበያ መሃል አትግባ። አንዱ እየተከራከረ ከሆነ ራቅ ብለህ ቁም። ዞር ሲል ጠይቅ።

ባለጋሪዋ፣ አዘዞ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:11)

ስለ ሰው ገበያ የተባለው እውነት ነው። እኔ ላይ ግን ሁልጊዜ ይገባሉ። ሴት ስለሆንኩ ገዢ አልመስላቸውም። ሁለት ጋሪ አለኝ፣ አምስት ፈረስ ገዝቻለሁ። ወንድሜን ይዤ ከሄድኩ ዋጋውን ለሱ ነው የሚነግሩት። ገንዘቡ በኔ መቀነት ነው ያለው!

አንድ ጊዜ አንድ ሻጭ እኔን ዘሎ ወንድሜን «ስንት ትሰጣለህ?» አለው። ወንድሜ ዝም አለ። እኔም ምንም ሳልናገር የፈረሱን የፊት እግር አንስቼ ኮቴውን አየሁ። ውስጡ ረጥቧል፣ ይሸታል። ቀስ ብዬ አስቀመጥኩትና ለሻጩ ብቻ «ጋሼ፣ ይሄን ደረቅ ቦታ አሳድረው፣ ይድናል» አልኩት። ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ለኔ ተናገረ። ያን ፈረስ አልገዛሁትም፣ ለጋሪ አይሆነኝም ነበር። በቀጣዩ ገበያ ግን ራሱ ጠርቶ ሌላ ፈረስ አሳየኝ።

የማራኪ ልጅ፣ ለአባትህ ከሆነ የጋሪ ፈረስ እንዳይሸጡልህ። ጋሪ የለመደ ፈረስ ሲቀመጡበት አይመችም፣ ይጎትታል።

ሐኪሟ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:30)

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ክርክሩን ለእናንተ ትቼ ስለ ምርመራው ልናገር። ጉድለት በወግ መጠየቅ የሚቻለው ምን እንደሚታይ ስታውቅ ነው። የማያውቅ ሰው ነው ሁሉንም አንድ ላይ የሚጮኸው።

ጥርስ። አፉን ራስህ አትክፈት፣ ባለቤቱን «ጥርሱን ያሳዩኝ» በል። ፈረሱ እሳቸውን ያምናል፣ ያንተን እጅ ሊነክስ ይችላል። ከፊት ጥርሶቹ መሃለኞቹ በ2 ዓመት ተኩል ግድም ይለወጣሉ። ከነሱ ቀጥለው ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ይለወጣሉ። በ5 ዓመቱ አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ የታችኞቹ ጥርሶች አናት ላይ ያለው ጎድጓዳ ነገር ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ከመሃል ወደ ዳር እየጠፋ ይሄዳል። 10 ዓመት ሲጠጋ በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር ቡናማ መስመር ብቅ ይላል። በ15 ዓመት ግድም መስመሩ የጥርሱ ግማሽ ይደርሳል። በዚህ ዕድሜውን እንደ ልደት ወረቀት አታውቅም፣ ወጣቱን ከሽማግሌው ግን ትለያለህ።

ጀርባ። የዳነ ቁስል ነጭ ጠጉር ያበቅላል። ነጭ ጠጉር ብቻውን አያስፈራም። አውራ ጣትህን በአከርካሪው ግራና ቀኝ ቀስ እያልክ ተጫን። ጀርባውን ዝቅ ካደረገ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣጠፈ አሁንም ያመዋል ማለት ነው። ዝም ብሎ ከቆመ ድሮ ድኗል።

ቆዳ። እግሩ፣ ደረቱና አንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት ካየህ እዚያው ተወው፣ በምንም ዋጋ አትግዛ። ቀስ ብሎ የሚገድል ሕመም ነው፣ ወደ ሌላ ፈረስም ይዛመታል።

ትንፋሽ። አርፎ የቆመ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ጎኑን እያየህ ቁጠር። ከዚያ ይዘህ አስኪደው፣ ሶምሶማ አስብለው፣ እንደገና ቁጠር። ቶሎ ካልረጋ ጠይቅ።

የዘጠኝ ዓመት ጓደኛቸው ከሆነ ይህ ፈረስ 12፣ 13 ዓመት ይሆነዋል። ለ71 ዓመት ሰው እኔ የ4 ዓመት ፈረስ አልመርጥም። ረጋ ያለ ነው የሚያስፈልገው።

የደባርቁ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:20)

አራዳ ነጋዴ፣ «ገጣባ ያው ገጣባ ነው» ያልከውን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አንድ ነገር ልንገርህ።

ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት በቅሎ ሸጥኩ። ሰጋር ናት፣ ጠንካራ ናት። ግን ጠባብ መንገድ ላይ ከፊት መምራት አትወድም። ከኋላ ከሆነች ገደልም አትፈራም። ይህን ለገዢው ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። እሱም «እንግዲያ ቀንስ» አለ፣ ቀነስኩ። ገንዘብ ሊቆጥር ሲል ደግሞ «ያችን ነገር አስበህ ሌላ ሁለት ሺህ ቀንስልኝ» አለ። የቸገረኝ ጊዜ ነበር፣ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ዓመት ያህል ሰው ካልጠየቀኝ ጉድለት አልናገርም አልኩ። የአንዱ ሰው ቂም ለሌላው ተረፈ። አንድ ልጅ ደንባራ መሆኗን ሳልነግረው የሸጥኩለት በቅሎ ጥላው እጁ ተሰበረ። ሄጄ ጠየቅኩት፣ ካስኩት። እስከ ዛሬ ግን አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው።

ስለዚህ የኔ መልስ ይኸው ነው። ጉድለቱን አንተው አግኝተኸው ከሆነ ተከራከርበት፣ መብትህ ነው። ሻጩ ከነገረህ ግን መጀመሪያ ጠይቅ፦ «ዋጋውን ሲጠሩ ይህንን አስበውበት ነው?» በል። «አዎ» ካሉህ ያ ነገር አለቀ። ሁለተኛ አታንሳው። በሌላ ነገር ተከራከር፤ በገንዘብህ ማነስ፣ በገበያው፣ በመንገዱ። «አላሰብኩበትም» ካሉ ራሳቸው ይቀንሳሉ።

አራዳ ነጋዴ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05)

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። እኔ በቃሪያም በበርበሬም ንግድ የምጠይቀው ነው፣ ለፈረስ ግን አስቤው አላውቅም። በዚህ ተረትቻለሁ። ሰው በነገረህ ነገር ሁለት ጊዜ ማስቀነስ ነውር ነው።

ከፒያሳ ጠበቃ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:10)

ስለ ሕጉ ባጭሩ ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት መሆኑን ያረጋግጣል ይላል። ነገር ግን ገዢው ሲዋዋል ያወቀው ጉድለት ከሆነ በኋላ ሊከስበት አይችልም። ስለዚህ ሽማግሌው ገጣባውን ሊነግሩህ ማሰባቸው ለራሳቸውም ጥበቃ ነው። በውሉ ላይ «ጫንቃው ላይ የዳነ ቁስል እንዳለው ገዢው አይቷል» ተብሎ ይጻፍ። ሁለታችሁም ታርፋላችሁ።

ቀብድን ደግሞ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ያየዋል። ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን ያስረዳል፤ ቁጥር 1883ን ተመልከት። ቀብድ ከፍለህ ብትተው ቀብድህ ይቀራል። ተቀብለው ቢተዉ እሳቸው እጥፉን ይመልሳሉ፤ ይህ ቁጥር 1885 ነው። «5 ሺህ ያዙልኝ፣ ሳምንት እመጣለሁ» ስትል ምን እያልክ እንደሆነ እወቅ።

የዳባት ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:48)

ዋስ አትርሱ! የማታውቀው ሰው ፈረስ ሲሸጥልህ የሚታወቅ ዋስ ጠይቅ። የተሰረቀ ከሆነ ባለቤቱ መጥቶ ይወስድብሃል። ሲጠይቁ ግን ሰውየውን ሌባ እንዳስመሰሉ ይሆናል። አባቴ «ለኔ ሳይሆን ለልጆቼ ነው፣ ነገ እኔ ባልኖር ማን ይመሰክርላቸዋል?» ይላል። እንዲህ ሲባል ማንም አይከፋም። የቀረጡን ደረሰኝም ያዝ።

አስጎብኚው (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:25)

ሽማግሌው ለምን እንደዚያ እንደተሰማቸው አንድ ነገር ልበል። ጥምቀት የምናከብርበት የፋሲል መዋኛ አጠገብ፣ በአዕማድ ላይ የቆመች ትንሽ ክብ ቤት አለች። የዞብል መቃብር ናት ይባላል። ዞብል ፈረስ ነው። እንግዶች «የማን መቃብር ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «የፈረስ» ስላቸው ሁሌም ቆም ይላሉ።

አገራችን ሰውን በፈረሱ ስም የሚጠራ አገር ነው። ቋራ የተወለዱት አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። ያ የድሮ ነገር ነው አትበሉ። የገጠር ሰው ዛሬም መንገድ ላይ ገና ከሩቅ የሚታወቀው በፈረሱ ነው። ፈረሱን በሰው ፊት ሲያዋርዱበት ስሙን ያነሱበት ያህል ይሰማዋል።

የማራኪ ልጅ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:30)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እያንዳንዷን አንብቤያለሁ። ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር እሄዳለሁ። ሽማግሌው ካልመጡ ቤታቸውን ጠይቀን እንሄዳለን።

የማራኪ ልጅ (እሁድ፣ ከምሽቱ 1:05)

ተሳካልኝ። እንደ ሆነው ልንገራችሁ።

ስንደርስ እዚያችው ቦታ ቆመዋል። ፈረሱም አለ። አጎቴ ቀድሞ ሰላም አላቸው። እኔ ጎንበስ ብዬ «አባቴ፣ ያለፈው ጊዜ ያለ አግባብ ተናግሬያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «የከፋኝ ዋጋው አይደለም። ሳትጠይቀኝ ዳሰስከው። እሱም ደነገጠ» አሉኝ። የደባርቁ፣ «ልንካው» ያልከው ትዝ አለኝ።

«ይባርክልዎት፣ አሁን ልንካው?» አልኩ። «ንካው» አሉ። ሐኪሟ እንዳለችው አውራ ጣቴን ይዤ ተጫንኩ። ዝም ብሎ ቆመ። ጥርሱን ራሳቸው ከፍተው አሳዩኝ። ቡናማው መስመር ከድዱ ወርዶ ይታያል። ከዚያ እኔ ሳልጠይቅ ቆጠሩልኝ። «የግራ ፊት ኮቴው በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቅባት ይፈልጋል። ባጃጅ ሲያይ ይደነብራል። ውኃ ለመሻገር ያመነታል፣ አትምታው፣ ቆመህ ጠብቀው» አሉ። የሚሸጡት ለምን እንደሆነ አጎቴ ጠየቃቸው። ወገባቸውን ታመው መቀመጥ አቅቷቸዋል። ፈረሱ ቤት ታስሮ መዋሉ ከበዳቸው።

ከዚያ «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» አሉና ልጓሙን ሰጡኝ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ ሄድኩ። አለንጋ አልያዝኩም። ስመለስ ከሩቅ ወርጄ እየሳብኩ አመጣሁት። ሲያዩኝ ነበር።

«ዋጋውን ሲጠሩ ይህን ሁሉ አስበውበት ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ኮቴውን አስቤያለሁ፤ ገጣባውንም። ባጃጁን አላሰብኩም፣ እኛ ጋ ባጃጅ የለም» አሉ። ራሳቸው ወደ 50 ወረዱ። እኔም እውነቱን ተናገርኩ፤ ያለን 45 ነው፣ ከዚያ ላይ ለኮርቻና ለገብስ ማስቀረት አለብን አልኩ። 42 ጠራሁ። 46 አሉ። አጎቴ «ለአባቱ ነው፣ ለሰንበት መሄጃ» አላቸው። በ44 ተስማማን። ጉድለት የሚል ቃል አንድም ጊዜ ከአፌ አልወጣም።

ይህን ጊዜ ያልጠራነው ደላላ መጥቶ «እኔ ነኝ ያገናኘኋችሁ» አለ። ሽማግሌው «አንተ ያገናኘኸን ዬት ነው?» ሲሉት ሄደ። ውሉን በሁለት ምስክር ጻፍን፣ የዳነውን ቁስልም አስገባን። ዋስ የሆኑት የሰፈራቸው ቄስ ናቸው። ገንዘቡን ቆጥሬ ስሰጣቸው 500 ብር መልሰው እጄ ላይ አደረጉና «ለሱ ገብስ ግዛለት» አሉ። ገመዱን ከማቀበላቸው በፊት ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው ቆዩ። እኔና አጎቴ ዞር አልን።

ባለጋሪዋ፣ አዘዞ (እሁድ፣ ከምሽቱ 1:40)

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ይባርክላችሁ። ለኮቴው ቅባት ከመቀባትህ በፊት አጥበህ አድርቀው።

ሐኪሟ (እሁድ፣ ከምሽቱ 2:12)

ገብሱን ቀስ በቀስ አስለምዱት። አዲስ ቤት ገብቶ ብዙ እህል በአንዴ ከበላ ሆዱን ይነፋዋል። ለመጀመሪያው ሳምንት ድርቆሽና ጭድ ይብዛለት።

የደባርቁ (እሁድ፣ ከምሽቱ 2:30)

አባትህስ ምን አሉ?

የማራኪ ልጅ (እሁድ፣ ከምሽቱ 3:18)

ቅዳሜ ማታ በባትሪ ብርሃን ዙሪያውን አየው። አንድም ቃል አልተናገረም። ዛሬ ሌሊት ቀድሞኝ ተነስቶ ጭኖታል። ዳገቱን ወጥቶ ቅዳሴ አስቀድሶ ተመለሰ።

ሽማግሌው ኮርቻውን ከጫንቃው ትንሽ ወደ ኋላ እንዳደርገው፣ ከሥሩም ብርድ ልብስ አጥፌ እንዳነጥፍ ነግረውኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። ሰላምታም ሳይጨርሱ ኮርቻው ወደ ኋላ መደረጉን ጠየቁኝ።